የእማዬን ገመና አወጣሁ ወይ?

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አባዬ ከሞተ በኋላ እማዬን ከመንዝ አምጥቻት አብራኝ ትኖራለች። መጀመሪያ የምትረሳው ትንሽ ትንሽ ነገር ነበር። ወጥ ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ታደርጋለች፣ ያወራችውን ደግማ ታወራለች። «እርጅና ነው» ብለን አለፍነው። አሁን ግን የልጆቼን ስም ታምታታለች። ሲመሽ በር ላይ ቆማ «በጎቹ አልገቡም፤ ልቀቁኝ፣ ቤቴ ልሂድ» ትላለች። «አባትሽ የት ሄዶ ነው የዘገየው?» ብላ ትጠይቀኛለች። ሞቷል ስላት አዲስ መርዶ እንደሰማ ሰው ታለቅሳለች። ከሁሉ የከበደኝ ደግሞ «ከመቀነቴ ብር ሰረቀችኝ» እያለች ለጎረቤት መናገሯ ነው። ሆስፒታል ወስጃት የመርሳት በሽታ ነው አሉኝ። መድኃኒትም ተሰጥቷታል።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጓደኛዬ ባስገባችኝ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ያለብኝን ሁሉ ጻፍኩ። በዚህ በሽታ የተያዘ ቤተሰብ የሚያስታምሙ ሰዎች ናቸው። ከሸዋ ሮቢት አንዲት ሴት «የእኔም እናት ሌባ ትለኛለች» ብላ በድምፅ መለሰችልኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ አለቀስኩ። ከዚያ ተኛሁ። በኋላ ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ስልኬን አይቶ ተቆጣኝ። «የእናታችንን ገመና ለማታውቂው ሰው ታወጪያለሽ?» አለኝ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ እዚያም በኢንተርኔት እየተሰበሰቡ የሚረዳዱ አሉ፣ በርቺ ትለኛለች። ባለቤቴ ዝም ብሏል። ግሩፑ ላይ ያለ አንድ ሰው ደግሞ በውስጥ መስመር «የሚያድን መድኃኒት አለኝ» ብሎ ጽፎልኛል። ልውጣ ወይስ ልቆይ? በእማዬ ላይ ኃጢአት ሠራሁ?

መልስ

እህቴ፣ ኃጢአት አልሠራሽም። ግሩፑ ውስጥም ቆዪ። ወንድምሽ የፈራው ነገር ግን ከንቱ ፍርሃት አይደለም፤ ስለዚህ አቆያየትሽ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መድኃኒት አለኝ ያለሽን ሰው ደግሞ መልስ ሳትሰጪው ዛሬውኑ ብሎክ አድርጊው። ለግሩፑ አድሚንም አሳውቂ። ለአንቺ የጻፈ ሰው ለሌሎችም መጻፉ አይቀርም።

አሁን ቀስ ብለን እናውራ።

መጀመሪያ ስለ «ሌባ»። ቀን ከሌት የምትለፊላቸው እናት በሰው ፊት ሌባ ሲሉሽ ያማል። ይህን የሚናገረው ግን በሽታው ነው። ብሩን ራሳቸው ከፍራሽ ሥር ወይም ከልብስ መሃል ይደብቁታል። መደበቃቸውን አእምሯቸው አልያዘውም። መቀነታቸውን ሲፈቱ ብሩ የለም። ታዲያ ለእሳቸው ምን ማብራሪያ ይቀራል? አጠገቤ ያለ ሰው ወሰደው ማለት ነው። አጠገባቸው ያለሽው ደግሞ አንቺ ነሽ። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ የሚከሰሰው ከሁሉም ይበልጥ የቀረበውና የሚያስታምመው ሰው የሚሆነው።

«አልወሰድኩም» ብለሽ አትከራከሪ። «ጠፋብሽ? ነይ አብረን እንፈልግ» በያቸው። የሚደብቁባቸውን ቦታዎች አጥኚ፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ቦታ ነው የሚመላለሱት። መቀነታቸው ውስጥም ዝርዝር ብር አይጥፋ፤ ሲዳስሱት ካገኙት ልባቸው ያርፋል። ጎረቤትን ደግሞ ቀድመሽ አነጋግሪ። ቡና ላይ «እማዬን የመርሳት በሽታ ይዟታል፣ ሐኪም ነግሮናል፣ አንዳንዴ ያልሆነውን ሆነ ትላለች» ማለት ይበቃል። የበሽታውን ስም መናገር አያሳፍርም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ችግር ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው ያሉት። ዲሜንሺያ፣ አልዛይመር እያሉ ሲያወሩ የፈረንጅ በሽታ ይመስላል እንጂ በየቀበሌያችን አለ። እኛ «ጃጁ» ብለን እያለፍነው ነው።

እንግዲህ የሸዋ ሮቢቷን ሴት አስቢ። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገረሽ፣ መድኃኒት ጻፈልሽ። ሲመሽ በር ላይ ምን እንደሚደረግ የሚነግርሽ ግን እንደ አንቺ በር ላይ የቆመ ሰው ነው። እሷ በአንድ የድምፅ መልእክት ሁለት ነገር አሳየችሽ። እናትሽ ክፉ አልሆኑም። አንቺም ክፉ ልጅ አይደለሽም። ያን ሌሊት እንቅልፍ የወሰደሽ ለዚህ ይመስለኛል። ይህንን ሐሜት ልለው አልችልም። ሐሜተኛ ሰውን ለማዋረድ ያወራል። አንቺ የጻፍሽው ነገም በትዕግሥት ለማስታመም ጉልበት ፈልገሽ ነው።

ወደ በጎቹ ልምጣ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ልቤን የነካው ይህ ነው። ሲመሽ መረበሽ በዚህ በሽታ በተያዙ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። የቀኑ ድካም ይጠራቀማል። ብርሃን ሲደበዝዝ ጥላው ሌላ ነገር ይመስላል። ሰውነት ቀንና ሌሊትን የሚለይበት ልማድም ይዛባል። እናትሽ ላይ ግን ሌላም አለ። መንዝ ያደገች ሴት በዚያ ሰዓት ሥራ አላት። በጉ ይገባል፣ ይቆጠራል፣ በረቱ ይዘጋል፣ እሳቱ ይነዳል። እናትሽ ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ሰዓት ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። የትናንቱን ያልያዘው አእምሯቸው የወጣትነታቸውን ገና አልለቀቀም። ስለዚህ «ምን በግ አለ፣ ደብረ ብርሃን እኮ ነው ያለነው» ስትያቸው እሳቸው የሚሰሙት ሌላ ነው። በጎቻቸውን ጅብ ሊበላቸው ነው፣ ማንም ደግሞ ግድ የለውም።

ከአሥር ሰዓት ተኩል ጀምሮ መብራት አብሪ። መጋረጃውን ዝጊ። ከሰዓት በኋላ ቡና አታብዢላቸው። በር ላይ ሲቆሙ አትጎትቻቸው፤ አጠገባቸው ቁሚና ስለ በጎቹ ጠይቂያቸው። «ስንት ቀሩ? የየትኛዋ ግልገል ናት?» በያቸው። ጥቂት ካወሩ በኋላ «ብርድ ነው፣ ገብተን እሳት እንሙቅ» ስትያቸው ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ። ከዚያ እጃቸውን ሥራ አስይዢው። ከመንዝ የበግ ጠጉር አስልኪና እንዝርት ስጫቸው። እጅ የለመደው ሥራ ከስምና ከቀን ይልቅ ብዙ ይቆያል። አንጎል የእጅን ልማድ የሚይዝበት ቦታና የትናንትን ወሬ የሚይዝበት ቦታ የተለያየ ስለሆነ ነው። ክሩ ቢወፍር፣ ቢቆራረጥ፣ ባና የማይወጣው ቢሆን ምንም አይደለም። አታርሚያቸው።

ስለ አባትሽ ሲጠይቁሽ ደግሞ መርዶውን ደጋግመሽ አትንገሪያቸው። እዚህ ላይ ሰዎች የተለያየ ሐሳብ አላቸው። «እናቴን አልዋሽም» የሚል ልጅ አለ፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን በእውነትና በውሸት መሃል ሰፊ ቦታ አለ። «ናፈቀሽ?» ማለት ውሸት አይደለም። «አባዬ ምን ዓይነት ሰው ነበር? ስትጋቡ እንዴት ነበር?» ብለሽ ብትጠይቂ እውነቱን አልካድሽም። እሳቸው የሚፈልጉት ስለ ባላቸው ማውራት ነው። አንዲትን መበለት በየምሽቱ አዲስ ሐዘን ላይ ማስቀመጥ ምንም የሚጠቅማት ነገር የለም። ኅሊናሽ ከከበደው የንስሐ አባታቸውን አማክሪ። ጾሙንም ጨምረሽ አንሺላቸው፤ መብላታቸውን ረስተው እንደገና ሲጠይቁሽ ወይም በጾም ቀን የፍስክ ሲያነሱ የምትጨነቂው ጭንቀት ከትከሻሽ ይውረድ።

አሁን ወንድምሽ ያነሳው ዋናው ነገር።

የእናት ክብር መጠበቅ አለበት። እዚህ ላይ ከወንድምሽ ጋር ነኝ። የምለየው ዝምታ ብቻውን ያስከብራቸዋል በሚለው ላይ ነው። ዝምታው ሲበዛ ምን እንደሚሆን አይተናል። እንግዳ ሲመጣ አሮጊቷ ጓዳ ይገባሉ። «ተኝተዋል» ይባላል። ማኅበሩ ይቀራል፣ ለቅሶ መድረስ ይቀራል፣ ቤተ ክርስቲያን መሳም ይቀራል። አስታማሚዋ ልጅም አብራ ትዘጋለች። በሽተኛውም አስታማሚውም በአንድ ቤት ብቻቸውን ይቀራሉ። ይህ ለማንም ክብር አይደለም።

ስለዚህ ለይተሽ ተናገሪ። ድካምሽ፣ ንዴትሽ፣ እንቅልፍ ማጣትሽ፣ ሌባ ስትባዪ የተሰማሽ ሕመም የአንቺ ነው። እሱን የመናገር መብት አለሽ። ገላቸው፣ ሽንት ቤት ላይ የሚሆነው፣ ሲያለቅሱ ያለው ፊታቸው፣ ስማቸው፣ የደብራቸው ስም የእሳቸው ነው። እሱ ከቤት አይወጣም። ሽንት ማምለጥን በተመለከተ ምክር ካስፈለገሽ «እናቴ» ሳትዪ «እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ምን ታደርጋላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ምክሩ ያው ነው፣ እሳቸው ግን የሉበትም። ልትጽፊ ስትይ አንድ ነገር አስቢ። እማዬ በጤናቸው ዘመን ይህን ጽሑፍ ቢያነቡት አንገታቸውን ይደፋሉ? ይደፋሉ ካልሽ አጥፊው።

ፎቶና ቪዲዮ በፍጹም አትላኪ። ለሐኪም ለማሳየት ብትቀርጺ እንኳ አሳይተሽ አጥፊው። የተምታቱ አረጋውያንን ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ እየተለመደ ነው። አንዳንዱ ለቀልድ፣ አንዳንዱ ሰው እንዲያዝን ብሎ ነው። ሁለቱንም አልቀበልም። እሺ ማለትም እምቢ ማለትም የማይችል ሰው ነው የተቀረጸው።

ሰሜን ሸዋ ደግሞ ሰው ይተዋወቃል። የመንዙ የተጉለቱን፣ የይፋቱ የቡልጋውን በአባቱ ስም አጣርቶ ይደርስበታል። ስለዚህ ቴሌግራምሽ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ፣ ፕራይቬሲ የሚለውን ከፍተሽ፣ ስልክ ቁጥርሽን ማንም እንዳያየው አድርጊ። የራስሽን ፎቶ አንሺውና ሌላ ምስል አድርጊ። ስምሽንም አሳጥሪው። ድምፅም እንደ መልክ እንደሚታወቅ አትርሺ፤ የከበደውን ነገር በጽሑፍ ይሁን። ቀደም ብለሽ የጻፍሽውን ከሁሉም ሰው ስልክ እንዲጠፋ አድርገሽ መሰረዝ ትችያለሽ። የቀዳ ወይም ፎቶ ያነሳ ሰው ካለ ግን መሰረዙ አይደርስበትም። ግሩፑ ማንም በሊንክ ዘው ብሎ የሚገባበት ከሆነ አድሚኑን ጠይቂ፤ አዲስ ገቢ ማን እንደሆነ፣ ማንን እንደሚያስታምም ሳይጠየቅ አይግባ። ሐዘን ያለበት ቤት መድኃኒት ሻጭ፣ ጠንቋይና አጭበርባሪ ይሰበሰብበታል።

እህትሽ ስላወራችልሽ ነገር አንድ ልጨምር። ውጭ አገርም ለረጅም ጊዜ ስለዚህ በሽታ ይሰበሰቡና ያወሩ የነበሩት በአብዛኛው አስታማሚዎችና ሐኪሞች ነበሩ። በሽተኞቹ ይወራላቸው ነበር እንጂ አያወሩም። በ2014 እ.ኤ.አ. ግን በሽታው ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው «ዲሜንሺያ አሊያንስ ኢንተርናሽናል» የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። አባል የሚሆነው በሽታው አለብህ የተባለ ሰው ብቻ ነው። ከተለያየ አገር ሆነው በቪዲዮ ይገናኛሉ፣ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። አንዱ ሲያወራ ቃል ቢጠፋበትም የሚጠብቀው ሰው አለ። ያም ሰው ቃል ይጠፋበታል።

ይህን የምነግርሽ እማዬን ኢንተርኔት ላይ አውጪያቸው ለማለት አይደለም። እሳቸውም ጓደኛ ያስፈልጋቸዋል ለማለት ነው። አንቺ ሸዋ ሮቢት ያለች ሴት አገኘሽ። እሳቸውስ ማን አላቸው? መንዝ የቀረች አብሮ አደግ ካለቻቸው በሳምንት አንድ ቀን ደውዪና ድምፁን ከፍ አድርገሽ አገናኚያቸው። አንድ ወሬ ደጋግመው ቢያወሩ ምን ችግር አለ? ጎረቤት ያለች አንዲት አሮጊት ለቡና ጥሪ፤ ብዙ ሰው አንድ ላይ አይሁን፣ ጫጫታው ያምታታቸዋል። እህትሽ በቪዲዮ ስትደውል ደግሞ ማታ አታድርጉት። እዚያ ማለዳ ሲሆን እኛ ዘንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያ ሰዓት ይሻላል። ለእህትሽ አጥብቀሽ ንገሪያት። «እኔ ማን ነኝ? አወቅሽኝ?» ብላ አትፈትናቸው። ስሟን ራሷ ትናገር። «እማዬ፣ እኔ እገሊት ነኝ፣ ልጅሽ» ብላ ትጀምር። ፈተና የወደቀ ሰው የሚሰማውን እፍረት በየሳምንቱ እንዲቀምሱት አታድርጓቸው።

አሁን ግሩፑ የማይችለውን ነገር ልንገርሽ፤ እዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ።

ይህ በሽታ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። እማዬ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከተለዋወጡ፣ ለምሳሌ ከወትሮው በላይ ካንቀላፉ፣ ከቃዡ፣ የሌለ ነገር ካዩ፣ መራመድ ካቃታቸው፣ ግሩፕ ላይ አትጻፊ። ወደ ሆስፒታል ሂጂ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ የሆድ ድርቀት፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት እንዲህ ያደርጋል። ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከተመቱም እንደዚሁ። ከሳምንታት በኋላም ቢሆን ውስጥ ለውስጥ የሚፈስ ደም ሊኖር ይችላል።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ ጥያቄሽን ጽፈሽ ሂጂ። የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ተደርጎላቸዋል? የቫይታሚን ቢ12ስ? ስኳራቸውና ግፊታቸውስ? የድብርት ምልክት አላቸው? እነዚህ ነገሮች መርሳትን ያመጣሉ ወይም ያባብሳሉ፤ አንዳንዶቹም ይታከማሉ። ከዚህ በፊት ተሠርቶላቸው ከሆነ እሰየው። ዓይናቸውና ጆሯቸውም ይታይ። ሞራ ያለበት ዓይን የተሰቀለ ልብስ ሰው ያስመስለዋል። ኩክ የደፈነው ጆሮ ደግሞ የማይሰማን ሰው የማያስታውስ ያስመስለዋል። ጆሮ ማስጠረግ ቀላል ሥራ ነው፤ ማንም አያስበውም እንጂ።

ከግሩፑ ሰዎች ምክር ተቀበዪ፣ ኪኒን ግን አትቀበዪ። በቅን ልብ የሚመክር ሰው እንኳ ሊጎዳሽ ይችላል። «እናቴን ያስተኛት ይህ ነው» ተብሎ የሚላክ የመድኃኒት ስም አለ። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡ ማረጋጊያዎች የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ ለስትሮክና ለሞት የመጋለጥን ዕድል ይጨምራሉ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣው ማስጠንቀቂያ አለ። ሐኪም ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝኖ፣ በትንሽ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ሊያዝ ይችላል። ለሌላ ሰው እናት የታዘዘው ግን ለአንቺ እናት አይሆንም። በሽታውን ነቅሎ የሚያድን መድኃኒትም እስካሁን የለም። ያሉት መድኃኒቶች ማስታወስን ለተወሰነ ጊዜ ሊያግዙ ይችላሉ። ከዚህ በላይ ቃል የሚገባ ሰው ገንዘብሽን ነው የሚፈልገው።

ጠበልም መነሳቱ አይቀርም። ጻድቃኔ ማርያም ውሰጃቸው፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ውሰጃቸው የሚሉሽ ይኖራሉ። እናትሽ በእምነታቸው የሚጽናኑ ከሆነ ውሰጃቸው፤ ዕጣን ሲሸታቸውና ቅዳሴ ሲሰሙ ፊታቸው ሲበራ ታያለሽ። መድኃኒታቸው ግን አይቋረጥ። ሕዝብ በሚበዛበት ቀን አይሁን፤ የማያውቁት ቦታና ግፊያ ያስፈራቸዋል። ሌሊት በብርድ ጠበል ውስጥ ከማቆየት መጠጣቱና መረጨቱ ለእሳቸው ዕድሜ ይሻላል። ከእጅሽም አትልቀቂያቸው።

«ቤቴ እሄዳለሁ» የሚል ሰው አንድ ቀን ከበር ይወጣል ብለሽ አስቢ። የደብረ ብርሃን ሌሊት ለሽማግሌ አካል ምሕረት የለውም። ስልክ ቁጥርሽን በጨርቅ ላይ ጽፈሽ ከቀሚሳቸው ውስጠኛው በኩል ስፊበት። በቅርቡ የተነሱት ፎቶ ስልክሽ ላይ ይኑር፤ ይህ ለፍለጋ ነው። ከሰፈሩ ባለ ሱቅ፣ ከባጃጅ ሾፌሮቹና ከቤተ ክርስቲያኑ ጥበቃ ጋር ተነጋገሪ።

ኔትወርክ ደግሞ እንደምታውቂው ነው። ዳታ ሲጠፋ ግሩፑም ይጠፋል፤ በእኛ አካባቢ ይህን በደንብ ቀምሰነዋል። ስለዚህ ከግሩፑ ውስጥ ልብሽ ያመናቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች ቁጥር ተቀያይሪ። በተራ ስልክ መደዋወል እንድትችሉ ነው። ከዚያም በላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያሉትን ፈልጊ። ሆስፒታል ወረፋ ስትጠብቂ እናቱን ወይም አባቱን ደግፎ የመጣ ሰው አጠገብሽ ይቀመጣል። ነርሷንም «እንደ እኛ ያለ ቤተሰብ ካለ፣ እሺ ካሉ ቁጥሬን ስጫቸው» በያት። አምስት ስድስት ቤተሰብ ከሆናችሁ እንደ ጽዋ ማኅበር ወር እየጠበቃችሁ በየተራ ቤት መገናኘት ትችላላችሁ። እዚያ የተወራ እዚያ ይቀራል። ማንም ምንም አይሸጥም። አንዱ ሲናገር ሌላው ምክር ከማዝነቡ በፊት ጨርሶ ይሰማል። አንዲት አስታማሚ ከቤት መውጣት ካልቻለች በስልክ ትገባለች።

ግሩፑ የሚከብድበት ቀንም አለ። በሽታው የገፋበትን ሰው ታሪክ ስታነቢ «ነገ የእኛም ይህ ነው» ብለሽ ትፈሪያለሽ። የሁሉም ሰው መንገድ አንድ አይደለም። እንዲህ ስትሆኚ ድምፁን አጥፊውና ሳምንት ራቂ፤ ማንም አይቀየምሽም። ሌሊቱን ሙሉ የሰው መልእክት ስታነቢ ማደርም የለብሽም። ለማንበቢያ አንድ ሰዓት ምረጪ። ከዚያ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጪው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ራስሽ ጤና አንድ መስመር የለም። ትበያለሽ? ትተኛለሽ? መኖር የሚያስጠላሽ ቀን አለ? ካለ ይህን ለግሩፕ ብቻ አትንገሪ። እናትሽን ይዘሽ የምትሄጂበት ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ካለው ለራስሽም ካርድ አውጪ። አስታማሚ በድብርት መያዙ የተለመደ ነው፤ ይታከማልም። የዓለም ጤና ድርጅት «አይሰፖርት» የሚባል የአስታማሚዎች ትምህርት አዘጋጅቷል፤ መጽሐፉን በ2019 እ.ኤ.አ. አውጥቶታል። ከአምስቱ ክፍሎች አንዱ አስታማሚው ራሱን ስለሚጠብቅበት መንገድ ነው። እንግሊዝኛው ከከበደሽ እህትሽ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያነበበች በድምፅ ትላክልሽ። ሩቅ ያለ ሰው ከገንዘብ ሌላ ሊያደርገው የሚችለው ጥሩ ሥራ ነው።

ስለ ወንድምሽ ላብቃ። ቁጣው ከፍቅር የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዚህ በሽታ ለተያዙ ሰዎች ከሚሰጠው እንክብካቤ 70 በመቶ የሚሆነውን ሰዓት የሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው። በእናንተ ቤትም እንደዚያው ነው። ተረጋግተሽ ደውዪለትና እንዲህ በዪው። «ወንድሜ፣ የእማዬን ክብር ለመጠበቅ ያልከው ልክ ነው። ስሟንም ፎቶዋንም ማንም አያይም። ለሰው የምናገረው የራሴን ድካም ነው፣ እሱን ደግሞ አልተውም። ይልቅ በሚቀጥለው ወር ሦስት ቀን ና። ማታ ማታ አንተ አጠገቧ ትሆናለህ፣ እኔ እተኛለሁ።» ጸብ አትጨምሪበት። ቀኑን ብቻ ቁረጡ። በጎቹን አብሮ ሲጠብቅ ያመሸ ልጅ ስለ ግሩፑ የሚኖረው ሐሳብ ሊለወጥ ይችላል። ባይለወጥ እንኳ ሦስት ሌሊት ትተኛለሽ።

ባለቤትሽን በደፈናው «አግዘኝ» አትበዪው። አንድ የታወቀ ሥራ ስጪው። የግቢውን በር መቆለፍ ወይም ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ልጆቹን መያዝ የእሱ ይሁን። ዝም ያለው ስላልገባው ወይም ከየት እንደሚጀምር ስላላወቀ ሊሆን ይችላል።

ከቀጠሮው በኋላ ሐኪሙ ምን እንዳለሽ ጻፊልን። ወንድምሽም ሊጽፍልን ከፈለገ እንቀበለዋለን፤ ለእሱም እመልስለታለሁ።